ባዶው የቀን ሣጥን፦ ስለ ምስክርነት ካሴቶቻችን የፍለጋ ማውጫ የቀረበ ሒስ



ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ አንድ ወንድምና እኅት ወደ ማኅበራችን መጡ። እናታቸው ካረፉ ጥቂት ጊዜ ሆኗቸዋል። እናታቸው በሕይወት ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ፣ በካሴት የሰጡት ምስክርነት እንዳለ ልጆቹ ያውቃሉ፤ ቀረጻው ሲካሄድ ቡናውን ያፈላችው እኅቲቱ ራሷ ነበረች። በዚያ ካሴት ውስጥ እናታቸው በሱዳን በኡም ራኩባ መጠለያ ስለሞተባቸው ትንሽ ልጅ ተናግረዋል። ልጆቹም በኢየሩሳሌም ቀን፣ በሔርጽል ተራራ በሚደረገው የመንገድ ሰማዕታት መታሰቢያ ወቅት፣ ያን ድምፅ ቤተ ዘመድ በተሰበሰበበት ለማሰማት ፈለጉ። ካሴቱን የያዘው የሰነድ ማኅደር ስብስቡን ወደ ኮምፒውተር ገልብጦ ፍለጋውን ለሕዝብ ከፍቷል። ልጆቹ የእናታቸውን ስም ጻፉ፣ የለም አላቸው። የቦታውን ስም ጻፉ፤ ሌሎች ብዙ ሰዎች መጡላቸው፣ እናታቸው ግን የሉበትም። 1984 ብለው በዓመት ፈለጉ፣ አሁንም የሉም። «ካሴቱ ጠፍቷል ማለት ነው ወይ?» ብለው ነበር ወደ እኛ የመጡት።

ካሴቱ አልጠፋም። ከማኅደሩ ሠራተኛ ጋር ሄደን በመደርደሪያው ላይ አገኘነው። ከካሴቱ ጋር የታሰረች የወረቀት ካርድም አለች፤ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ተጽፋለች። ስሟ፣ መንደሯ፣ የጠያቂው ስም፣ ሁሉም በቦታው ነው። «ልጁ ያረፈበት ቀን» በሚለው መስመር ላይ ደግሞ 3/13/1976 ተብሎ ተጽፏል። ለአገራችን ሰው ይህ ምንም የማያሻማ ቀን ነው፤ ጳጉሜ 3 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ ዘመን ሊለወጥ ሁለት ቀን ሲቀረው። በፈረንጅ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 8 ቀን 1984 ይሆናል። ለኮምፒውተሩ ግን ዐሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር በዓለም ላይ የለም። ቀኑን አልቀበልም አለ፤ ቀኑን ብቻም ሳይሆን ካርዷን በሙሉ መለሰ። እናቲቱም፣ ልጁም፣ መንደሩም፣ የዘጠና ደቂቃው ድምፅም በአንዲት ጳጉሜ ምክንያት ከማውጫው ውጭ ቀሩ።

ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያስገደደን ይኸው ነው። የማኅደሩን ስም አንጠራም። ጉዳዩ የአንድ ቤት ብቻ አለመሆኑን ከዚያ ወዲህ ሦስት አራት ስብስቦችን ስንመለከት ተረድተናልና። ደግሞም ሥራውን የሠሩት ሰዎች ወዳጆቻችን ናቸው።

በመጀመሪያ ምስጋናውን እናስቀድም። ይህ የፍለጋ መሣሪያ ከዚህ በፊት ከነበረን ሁሉ የተሻለ ነው። በአማርኛም በዕብራይስጥም ይፈልጋል። «ሃ»ን በ«ሐ»፣ «ሰ»ን በ«ሠ» ቢጽፉበት አይቆጣም፤ ይህን ያሰበለት ሰው የተባረከ ይሁን። አንድ ስም በስንት ዓይነት የዕብራይስጥ ፊደል እንደተጻፈብን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ እሱንም ለማቀራረብ ሞክሯል። ለስሞቻችን ይህን ያህል የተጨነቀ መሣሪያ ለቀኖቻችን ግን ምንም አልተጨነቀም። ሒሳችንም እዚህ ላይ ነው።

የፍለጋ ማውጫ ምን እንደሆነ ለማያውቁ አንባብያን በአጭሩ እንግለጽ። እኛም ይህን የተማርነው በቅርቡ፣ በሙያው ከሚሠራ ከልጆቻችን አንዱ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጠን ነው። ሰው አንድ ቃል ጽፎ ሲፈልግ ኮምፒውተሩ ካሴቶቹን ሁሉ ገልብጦ አያይም። አስቀድሞ ከእያንዳንዱ ካርድ ስሙን፣ ቦታውን፣ ቀኑን እየለቀመ፣ በመጽሐፍ መጨረሻ እንደሚገኘው ያለ ማውጫ አዘጋጅቶ ያስቀምጣል። ፍለጋው የሚካሄደው በዚያ ማውጫ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ በመደርደሪያው ላይ ያለ፣ በማውጫው ላይ ግን የሌለ ነገር፣ ለፈላጊው ጨርሶ የለም። ማውጫው ደግሞ ለስም የሚሆን ሣጥን፣ ለቦታ የሚሆን ሣጥን፣ ለቀን የሚሆን ሣጥን አለው። የስሙ ሣጥን ያገኘውን ሁሉ ይቀበላል። የቀኑ ሣጥን ግን መራጭ ነው፤ በሚያውቀው የቀን አጻጻፍ ካልቀረበለት አይቀበልም።

እንግዲህ የቀኑ ሣጥን የማይቀበለው ነገር ሲመጣበት ምን ይደረግ? ኤላስቲክሰርች የሚባለው፣ ዛሬ በብዙ ቦታ የሚሠራበት የማውጫ መሣሪያ፣ ምንም ትእዛዝ ካልተሰጠው ካርዱን በሙሉ ይመልሳል። በእናቲቱ ካርድ ላይ የደረሰው ይህ ነው። ባለሙያው ከፈለገ ግን «የተበላሸውን ቀን እለፈው፣ የቀረውን አስገባ» ብሎ ሊያዘው ይችላል። ያን ጊዜ ካርዱ ይገባል፣ ቀኑ ብቻ ይቀራል፤ የትኛው ሣጥን እንደታለፈም መሣሪያው በራሱ መዝግቦ ይይዛል። እንዲያውም «ቀናቸው የታለፈባቸውን ካርዶች ሁሉ አሳየኝ» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ይህ አንድ መስመር ትእዛዝ ነው። ይህን ስንሰማ ዝም ብለን ተቀመጥን። አንድ መስመር ቢጻፍ ኖሮ እኅትና ወንድም እናታቸውን በስማቸው ባገኟቸው ነበር።

ሌላም ያልጠረጠርነው ነገር አለ። «ባዶ» ሁለት ዓይነት ነው። በካርዱ ላይ የቀን መስመር ፈጽሞ ከሌለ ኮምፒውተሩ «የለውም» ብሎ በሰላም ያልፈዋል። መስመሩ ኖሮ በውስጡ ምንም ካልተጻፈ ግን፣ ማለትም ባዶ ጽሑፍ ከቀረበለት፣ እሱን የተበላሸ ቀን አድርጎ ያየዋል፣ ካርዱንም ይመልሳል። ለእኛ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ሽማግሌው አላስታወሱም፣ ጸሐፊውም ሳይጽፍ አለፈ። ለመሣሪያው ግን አንዱ ዝምታ ነው፣ ሌላው ስሕተት ነው። ስለዚህ ወደ ማውጫው ከማስገባት በፊት ባዶ ጽሑፉን «የለውም» ወደሚለው መለወጥ የአዘጋጁ ሥራ ነው። በማኅደሩ ይህ አልተደረገም ነበር፤ ስንት ካርድ በዚህ እንደቀረ ሲቆጠር ሠራተኛዋም ራሷ ደነገጠች።

ከመመለስ ይልቅ የሚከፋው ግን መሙላት ነው። አንዳንድ ስብስቦች ባዶ ቀን ሲያገኙ ጃንዋሪ 1 ብለው ይሞላሉ። ሌሎች ደግሞ ሳያውቁት ይሞላሉ፤ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚቆጥሩት በብዛት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ስለሆነ፣ ባዶው ወደ ዜሮ ከተለወጠ ዜሮውም «ጃንዋሪ 1 ቀን 1970» ሆኖ ይነበባል። በአንድ ስብስብ ውስጥ በጣልያን ጊዜ ከብት ይጠብቁ የነበሩ አንድ አባት በ1970 ተወልደው አገኘናቸው። ይህ ቢያስቅም ስሕተቱ ጎልቶ ስለሚታይ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ጉዳቱ የሚበዛው ውሸቱ እውነት ሲመስል ነው።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ «77» ነው። በኦፐሬሽን ሙሴ የመጣ ሰው፣ መቼ ገባህ ሲባል፣ «በ77» ይላል። ይህ ማለት 1977 ዓ.ም. ነው፤ መስከረም 1 ቀን የዋለው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 1984 ላይ ነው፤ አውሮፕላኖቹም ከኖቬምበር 21 ቀን 1984 እስከ ጃንዋሪ 5 ቀን 1985 ድረስ ነው የተመላለሱት። ድርቁንም ቢሆን አገሩ ሁሉ የሰባ ሰባት ድርቅ ነው የሚለው። ካርድ ሞዪው ግን 1977 ብሎ ጻፈ፣ ኮምፒውተሩም ያለ ምንም ጥያቄ ተቀበለ። ቀኑ አልተበላሸም፣ ባዶም አይደለም፣ ወሩም ዐሥራ ሦስተኛ አይደለም። እንዲህ ያለውን የሚይዝ ወንፊት የለም። ይባስ ብሎ እ.ኤ.አ. በ1977 በእርግጥ የመጡ ሰዎች አሉ፤ በቤጊን መንግሥት ጊዜ ከመቶ ጥቂት የሚበልጡ ነፍሳት በሁለት በረራ ገብተዋል። ስለዚህ ተመራማሪው ስብስቡን ቆጥሮ «በ1977 የመጡት ከሚታወቀው በላይ ነበሩ» ብሎ ቢጽፍ የሚያርመው ሰው ላይኖር ይችላል። በሌላ ወገን የ1984ን ሰዎች የሚፈልግ ልጅ አባቱን አያገኝም።

ቀንና ወሩም እንደዚሁ ነው። ሰኔ 12 ቀን 1942 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ቀኑን 12/10/1942 ብሎ ይጽፋል። ይህ በፈረንጁ ጁን 19 ቀን 1950 ነው። ኮምፒውተሩ ግን ኦክቶበር 12 ቀን 1942 ብሎ አንብቦ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ያህል ያስረጀዋል። ፕሮግራሙ በአሜሪካ ሥርዓት ወሩን የሚያስቀድም ከሆነ ደግሞ ዲሴምበር 10 ይሆናል። በሬዲዮም በመንገድም ኖቬምበርን «ኅዳር»፣ ፌብሩዋሪን «የካቲት» ማለት ስለለመድን እኛው ራሳችን ነገሩን አደባልቀነዋል። ከዚህ የተነሣ «ፌብሩዋሪ 30» የሚል ቀን በካርዶቻችን ላይ ደጋግመን አይተናል፤ የካቲት 30 ለማለት ነው። አንዳንድ ፕሮግራም ይህን አይመልስም፣ ጨዋ ነኝ ብሎ ያስተካክለዋል። ከፌብሩዋሪ 28 ሁለት ቀን ቆጥሮ ማርች 2 ያደርገዋል። የ1943 ዓ.ም. የካቲት 30 ግን ማርች 9 ቀን 1951 ነው። ያላወቀውን አላወቅሁም የማይል መሣሪያ ከሚመልሰው መሣሪያ ይልቅ ያስፈራል።

አሁን ወደ ዜሮዎቹ እንምጣ።

ከኢትዮጵያ በመጣን በብዙዎቻችን መታወቂያ ላይ የልደት ቀን 00/00 ተብሎ ከዚያ ዓመቱ ብቻ እንደተጻፈ ሁሉም ሰው ያውቃል። ስንት ጊዜ ተሳቀቅንበት! ወጣቶቹ በሥራ ቦታ ይሳቅባቸዋል፣ «ቀን የሌለው ሕዝብ» ይባላል፣ የኮምፒውተር ቅጽ ዜሮውን አልቀበልም ይላል። እኛም በዚህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ አጉረምርመናል። ዛሬ ግን፣ ይህን ሁሉ ካየን በኋላ፣ ሐሳባችንን እንለውጣለን። ዜሮው ሐቀኛ ነበር። «ዓመቱን በግምት አውቃለሁ፣ ወሩንና ቀኑን አላውቅም» የሚል ቃል ነው፤ ያለውን ይናገራል፣ የሌለውን አይፈጥርም። ከጃንዋሪ 1 እጅግ ይሻላል።

ችግሩ የሚመጣው ዜሮው ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ሲጓዝ ነው። ማይኤስኪውኤል የተባለው የመረጃ ቋት በድሮ አሠራሩ 1950-00-00 ቢሰጡት ተቀብሎ እንዳለ ያስቀምጥ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ በወጣው አሠራሩ ግን ካልፈቀዱለት በስተቀር ይመልሳል። ከዚያ ወጥቶ በሌላ ቋንቋ ወደተጻፈ ፕሮግራም ሲገባ ደግሞ እንግዳ ነገር ይሆናል። ፕሮግራሙ «ዜሮኛው ወር» ከጃንዋሪ በፊት ያለው ዲሴምበር ነው ይላል፤ «ዜሮኛው ቀን» ደግሞ ከዲሴምበር 1 በፊት ያለው ቀን ነው ይላል። በዚህ ስሌት 00/00/1950 ወደ ኖቬምበር 30 ቀን 1949 ይለወጣል። ሰውየው አንድ ዓመት ተጨመረበት፣ የማያውቀው የልደት ቀንም ተሰጠው። በአንድ ስብስብ ውስጥ ኖቬምበር 30 የተወለዱ ሰዎች በዝተው ስናይ በመጀመሪያ ነገሩ አልገባንም ነበር። ልጃችን ነው የፈታልን።

በዚህ ላይ የሰዓቱ ልዩነት ይጨመራል። ጃንዋሪ 1 ቀን 1950 በእኛ እኩለ ሌሊት ተብሎ ከተመዘገበ፣ ማውጫው ደግሞ በግሪንዊች ሰዓት የሚቆጥር ከሆነ፣ በዚያ ገና ዲሴምበር 31 ቀን 1949 ከምሽቱ አራት ሰዓት ነው። ሁለት ሰዓት ስሕተት አንድ ዓመት ሆነች።

ይህ የተማሩ ሰዎች ጨዋታ የሚመስለው አንባቢ ካለ፣ የሽማግሌዎቻችንን ጡረታ ያስታውስ። በዚህ አገር አንድ ሰው የተመዘገበለት ዕድሜ ትክክል አይደለም ብሎ ለፍርድ ቤት አቤት እንዲል የሚያስችል ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ አለ። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ማስረጃ ያስፈልገዋል። ብዙ ጊዜ ያለው ማስረጃ ደግሞ የዘመድ ምስክርነት ነው፤ «እሱ የተወለደው እኔ በተዳርኩበት ዓመት ነው» የሚል ቃል፣ በእነዚህ ካሴቶች ውስጥ የተኛ። ያ ቃል በማውጫው ላይ ከሌለ ወይም በውሸት ቀን ከተሞላ ማስረጃው ራሱ ተቃዋሚ ይሆናል። የሙት ዓመት ለማክበር ተዝካር የሚያወጣ ቤተሰብም ቀኑን ከዚሁ ነው የሚያገኘው።

የሃይማኖት ትምህርት የቀመስን ሰዎች ስለሆንን አንድ ነገር ሳናነሣ ማለፍ አልቻልንም። ኦሪት ስለ ቀን ጥንቁቅ ናት። በኖኅ ጊዜ የጥፋት ውኃ የጀመረበትን ወርና ቀን ትነግረናለች። የአብርሃምን የልደት ቀን ግን አትነግረንም፤ አባቱ ስንት ዓመት ሲሞላው እንደተወለደ ብቻ ነው ያለው። ከአዳም እስከ ኖኅ ያሉትንም በዕድሜያቸው ነው የቆጠረቻቸው። ወሩ ካልተነገረ ሁሉንም በኒሳን 1 ተወለዱ አላለችም። ቄሶቻችንም የጨረቃን መውጣት እየጠበቁ ወሩን ሲቆጥሩ፣ ያላዩትን ጨረቃ አየን አይሉም ነበር።

ጥፋቱን ሁሉ በኮምፒውተርና በባለሙያ ላይ መጣል ግን ፍትሕ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991፣ ከኦፐሬሽን ሰሎሞን በኋላ፣ በሠላሳ ስድስት ሰዓት ውስጥ ከዐሥራ አራት ሺህ በላይ ሕዝብ ገብቶ ሆቴሎችና የመቀበያ ማዕከሎች ሲሞሉ፣ ከአስተርጓሚዎቹ መካከል እኛም ነበርን። ጸሐፊዋ ቀን ትጠይቃለች። ሽማግሌው «ጣልያን ሲገባ ጥጃ እጠብቅ ነበር» ይላሉ። ይህ ትልቅ መልስ ነበር! ጣልያን የገባው በ1928 ዓ.ም. ነው፤ ጥጃ የሚጠብቅ ልጅ ከሰባት እስከ ዐሥር ዓመት ይሆነዋል፤ ሰውየው በ1918 እና በ1921 ዓ.ም. መካከል ተወልደዋል ማለት ነው። እኛ ግን ሰልፉ ረዝሞብን፣ ጸሐፊዋም ደክማ፣ «1927 በይ» አልናት። ከፈረንጁ ይሁን ከእኛው እንኳ በቅጡ አላሰብንም። ስለ ጥጃውም ስለ ጣልያኑም የተጻፈ የለም። ያን ቀን ለስንቱ ሰው ዓመት እንደሰጠን አናውቀውም። ኋላም የማኅበራችንን ካርዶች ስናዘጋጅ ባዶ መተው ነውር መስሎን 1/1 የጻፍንባቸው አሉ። ከሌላው የጠየቅነውን ከራሳችንም መጠየቅ ስለሚገባን ይህን እዚህ ጻፍነው።

ታዲያ ምን መደረግ ነበረበት? አዲስ ጥበብ አያስፈልግም፤ ያለው ይበቃል። አንደኛ ነገር ሰውየው የተናገረው ቃል እንደተናገረው በጽሑፍ ሣጥን ይቀመጥ፤ «ጣልያን ሲገባ ጥጃ ጠባቂ»፣ «ከሰግድ በኋላ»፣ «ጳጉሜ 3 ቀን 76»። ይህ ሣጥን ምንም አይመልስም፣ በቃልም ይፈለጋል። ከእሱ ቀጥሎ የተቆጠረው በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይጻፍ፤ በኢትዮጵያ፣ በፈረንጅ፣ በዕብራውያን ወይም በቄሶቻችን። ስምንተኛው ወር በገባ በ29ኛው ቀን የሚውለው ሰግድ በፈረንጁ ወር ውስጥ በየዓመቱ ወዲያና ወዲህ ስለሚል፣ «ከሰግድ በኋላ» ያለውን በአንድ ቁጥር ማሰር አይቻልም። ስለዚህ የቀኑ ሣጥን አንድ ቀን ሳይሆን ሁለት ጫፍ ይኑረው፤ ከዚህ አይቀድምም፣ ከዚህ አያልፍም። የተናገርንለት የማውጫ መሣሪያ እንዲህ ያለ ባለ ሁለት ጫፍ ሣጥን አለው፣ ፍለጋውም በመካከል ያለውን ያገኛል። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ያስጀመረው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም አቀፉ የቀን አጻጻፍ ደንብ ውስጥ የገባ ሥርዓትም አለ፤ «1950 ገደማ»፣ «ከ1950ዎቹ አንዱ»፣ «1950 ይመስላል፣ ያጠራጥራል» የሚሉትን በምልክት ለመጻፍ ያስችላል። ቤተ መጻሕፍት ለጥንት መጻሕፍታቸው የሚያደርጉትን ለእናቶቻችን ቢያደርጉ ምን ይከብዳል?

አንዳንድ ባለሙያ «ለመደርደር አንድ ቁጥር ያስፈልገኛል» ይለናል። እውነቱን ነው፣ እንስማማለን። የመደርደሪያ ቁጥር በጓዳ ይቀመጥ፤ ነገር ግን ለሰው አይታይ፣ ለቆጠራም አይግባ። ቀን የሌላቸውም ካርዶች በመጨረሻ ተሰልፈው ይምጡ እንጂ አይጥፉ። አሁን ባለው አሠራር አንድ ሰው በዓመት ሲፈልግ ቀን የሌላቸው ሁሉ ከፊቱ ይሰወራሉ፣ እንደተሰወሩም የሚነግረው የለም። ከውጤቱ ሥር «ቀናቸው ያልታወቀ ይህን ያህል ካርዶች አሉ፣ ለማየት እዚህ ይጫኑ» የሚል አንድ መስመር ቢኖር እኅቲቱ ወደ እኛ መምጣት አያስፈልጋትም ነበር።

የማኅደሩ ሰዎች ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰሙን። ባዶዎቹ ታርመዋል፣ የተመለሱት ካርዶች ገብተዋል፣ ዐሥራ ሦስተኛው ወርም መተርጎም ጀምሯል። የ«77» ነገር ግን በማሽን አይታረምም፤ ካሴቱን ሰምቶ የሚፈርድ ሰው ይፈልጋል፤ ለዚህም ከማኅበራችን ሦስት ሰዎች በሳምንት ሁለት ቀን እየሄዱ ነው።

የእናቲቱ ካርድ አሁን በስሟ ይገኛል። በኢየሩሳሌም ቀን ድምፁ ተሰማ፤ ከዘመዶቹ ብዙዎቹ ልጁ በየትኛው ቀን እንዳረፈ የሰሙት ያን ዕለት ነው። በካርዷ ላይ አንድ ሣጥን ግን እስካሁን ባዶ ነው፤ የልጁ የልደት ቀን። እናቲቱ በካሴቱ ላይ «ጎረቤቶቻችን ዘመነ ዮሐንስ ባሉት ዓመት፣ ጤፍ ሲታጨድ ወለድኩት፤ ሲሞትብኝ ገና አምስት ዓመት አልሞላውም» ትላለች። እኛ ቁጭ ብለን አሰላነው። ከ1976 በፊት ዘመነ ዮሐንስ የነበረው 1972 ዓ.ም. ነው፤ ጤፍ የሚታጨደው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ ከኅዳር 1972 እስከ ጳጉሜ 1976 አራት ዓመት ከዘጠኝ ወር ገደማ ነው፤ ቃሏ ሁሉ ይገጥማል። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 11 ቀን 1979 እስከ ጃንዋሪ 9 ቀን 1980 ባለው ጊዜ ውስጥ ተወልዷል። ይህን ጽፈን ሰጠን። ሠራተኛዋ ልታስገባው ሞከረች፣ ሣጥኑ አንድ ቀን ብቻ ነው የሚቀበለው። «ከሁለቱ የትኛውን ልጻፍ?» ብላ ጠየቀችን። ባለ ሁለት ጫፉ ሣጥን እስኪሠራ ድረስ ባዶውን ተይው አልናት፤ የእናቲቱን ቃል ግን በጽሑፍ ሣጥኑ ውስጥ፣ እንዳለ፣ በአማርኛ አስገብታዋለች።